በሥራ ወራት ስለሚያዝ የጓሮ አትክልት

በዋግ ኽምራ አገር ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን ባለው ወራት ሁለት ነገሮች በአንድነት ይመጣሉ። አንደኛው የሥራ ብዛት ነው፤ እርሻው፥ ዘሩ፥ ዐረሙ፥ የከብቱ ጥበቃ ሁሉ በእነዚህ ሳምንታት ላይ ይደራረባል። ሁለተኛው የእህል ማነስ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ እያለቀ ይሄዳል፥ የዘንድሮውም ገና በማሳው ላይ ነው። ሰው እጅግ የሚደክምበትና እጅግ ጥቂት የሚበላበት ጊዜ አንድ ሆነ ማለት ነው። በኒሯቅ ቆላም ሆነ በሰቆጣ ደጋ በነሐሴ ወር ወደ አንድ ገበሬ ቤት የገባ እንግዳ እንጀራ ይቀርብለት ይሆናል፤ ወጡ ግን ብዙ ጊዜ የቀጠነ ነው። ይልቁንም የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ስለሚገባ ወተቱና ቅቤው ይከለከላል፤ ሽሮውም በዚህ ጊዜ የተመናመነ ነው።

በቤት አጠገብ ያለች ጥቂት መሬት የምትጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን «ሥራ የበዛበት ሰው አትክልት ለመትከል ጊዜ ከየት ያመጣል?» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አነጋገራቸውም እውነትነት አለው። የጓሮ አትክልትን የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነገር ነው። ሰፊ መሬት አስከልለው፥ ዐሥር ዐይነት ዘር አስዘርተው፥ ገበሬውን ሁለተኛ እርሻ ያሸክሙታል። ከዚያም ሁለት ሳምንት ያህል ሳይታረም የቀረ እንደሆነ ጎመኑና ዐረሙ አይለዩም፤ የቤቱም ሰው «አትክልት ለኛ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ በሥራ ወራት የሚያዝ አትክልት ልኩ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ልኩም ይህ ነው፤ ጀበና ከተጣደ ጀምሮ ቡናው እስኪፈላ ባለው ጊዜ ውስጥ ታርሞና ውሃ ጠጥቶ የሚያልቅ ይሁን። ከዚህ የበለጠ ለበጋ ይቆይ።

የጓሮ አትክልት የድርቅ መድኃኒት ነው ብሎ ማስተማርም አይገባም። በ1977 ዓ.ም. ከዋግ ብዙ ሰው ወደ ኮረም የተሰደደው ዝናብ ቀርቶ፥ ከብት አልቆ፥ አገሩም በጦርነት ታውኮ እንጂ የጎመን መደብ ስላልነበረው አይደለም። አትክልት የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ እህሉ እስኪደርስ ባሉት ስድስት ወይም ሰባት ሳምንታት ለሕፃናትና ለሚያጠቡ እናቶች ከእንጀራው ጋራ የሚበላ አረንጓዴ ነገር ያቀርባል። ይህ ነገር ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው የሰቆጣን ስም ያስታውስ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ፥ ይኸውም በምግብ ጉድለት ምክንያት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ሆኖ እንዳይቀር፥ መቀንጨርን እስከ 2030 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለማጥፋት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የተሰየመው በዚህ አገር ስም ነው፤ ሥራውም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ነው።

ለትምህርት ቤት አንድ ትልቅ ችግር አለ። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው አትክልቱ በሚያድግበት በክረምቱ ወራት ነው። አስተማሪው በግቢው ውስጥ ያስተከለውን ጎመን በሐምሌ የሚያርመው ሰው አይገኝም፤ በመስከረም ሲመለስ የሚያገኘው ፍየል የበላውን ግንድ ነው። ስለዚህ የመንደር ትምህርት ቤት ሥራ አትክልቱን እስከ መጨረሻው ማሳደግ ሳይሆን ችግኙን ማፍላት ይሁን። ዘሩ በግንቦት መጨረሻ ሳምንት ይዘራል፤ ከአራት ወይም ከአምስት ሳምንት በኋላ፥ ልጆቹ የዓመቱን ውጤት የሚቀበሉበት ቀን በደረሰ ጊዜ፥ ችግኙ ለመነቀል ይበቃል። እንግዲህ እያንዳንዱ ተማሪ ካርዱን በአንድ እጁ፥ በእርጥብ ቅጠል የተጠቀለለ ሦስት ችግኝ በሌላው እጁ ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ። ዝናቡም በዚያን ጊዜ ይገባል። በሰኔ መጨረሻ የተተከለ ጎመን በነሐሴ መጀመሪያ ቅጠሉ ይቀነጠባል፤ ይህም በፍልሰታ መግቢያ መሆኑ ነው። በሐምሌ አጋማሽ ልብ ብሎ «እንትከል» የሚል ሰው ግን የሚበላው እህሉ ከደረሰ በኋላ ነው።

ችግኝ ለማፍላት ሰፊ መሬት አያስፈልግም። የተሰበረ ገንቦ ግማሽ ወይም አሮጌ ጣሳ ከበታቹ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ይበጅለት፤ ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ የቆየ ፍግ ተነፍቶና ተደባልቆ ይሞላበት። ዘሩ ሳይቀራረብ ይነስነስ፤ ከላዩ የሚለብሰው አፈር ከጥፍር ውፍረት አይብለጥ። ወፍራም አፈር የተጫነው ዘር ሳይበቅል ይቀራልና። ቀትር ላይ ጥላ ይደረግለት፥ ውሃውም በተበሳ ቆርቆሮ ጠዋት ጠዋት ይርከፈከፍበት። አራት ቅጠል ያወጣውን ችግኝ የሚተክሉት በማታ ወይም ደመና በሆነ ቀን ነው፤ በፀሓይ የተተከለ ይጠወልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ፦ «መምህር፥ ልጁስ ያምጣው፤ ከፍየሉ የሚያስጥለው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የአበርገሌ ፍየል በስሙ የታወቀ ዝርያ ነው፤ ኒሯቅም የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ስለሆነች ነገሩን የኒሯቅ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ፍየል በኋላ እግሩ ቆሞ የዛፍ ጫፍ የሚቀነጥብ እንስሳ ነው፤ አንድ ክንድ የሆነ አጥር አይመልሰውም። አስተማሪውም «አባቴ፥ መደቡ ትንሽ የሆነው ለዚህም ነው» ብሎ ሊመልስላቸው ይችላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነችውን መደብ እስከ ሰው ደረት በሚደርስ የግራር እሾህ ለመክበብ ጥቂት ሸክም ይበቃል፤ የግማሽ ጥማድ መሬት ለማጠር ግን የሳምንት ሥራ ነው። የእሾሁ ጫፍ ወደ ውጭ፥ ጉማጁ ወደ ውስጥ ይሁን። ዶሮ ደግሞ የሚጭረው ገና የተተከለውን ስለሆነ እስኪጸና ድረስ በቀን አሮጌ ቅርጫት ይደፋበት። ፍየሉ በሌላ በኩል ባለውለታ ነው፤ ከበረቱ የሚወጣው በጠጥ ከማናቸውም ፍግ የሚያንስ አይደለም። ነገር ግን ትኩሱ ሥር ያቃጥላልና ሁለት ወይም ሦስት ወር በአንድ ስፍራ ተከምሮ፥ አልፎ አልፎ እየረጠበና እየተገለበጠ ይቆይ።

የመደቡ ስፍራ የሚመረጠው በአፈሩ ማማር ብቻ አይደለም፤ ከማድ ቤቱ በር ያለው ርቀት ይበልጣል። ሰው በቀን ብዙ ጊዜ የሚያልፍበትን ነገር ሳይፈልግ ያየዋል፤ ዐረም ሲያይ ይነቅላል፥ ትል ሲያይ ይለቅማል። ከቤቱ ኋላ ርቆ ያለው መደብ ግን ሰውን ጉዞ ያስጀምረዋል፥ በሥራ ወራትም ለዚያ ጉዞ ጊዜ አይገኝም። ሁለተኛው ምክንያት ዕጣቢ ውሃ ነው። እጅ የታጠቡበት፥ እህልና ቅጠል ያለቀለቁበት ውሃ በየቀኑ በበሩ ፊት ይደፋል። ያ ውሃ ወደ መደቡ ይሂድ። ሳሙና የበዛበት ውሃ ለጎመን ሥር አይስማማም፤ ወደ ዱባው ወይም ወደ ጌሾው ይጣል። ጥሬውን በሚበላ ቅጠል ላይም ዕጣቢ ከላይ አይፍሰስበት፤ ከሥሩ ይፍሰስ።

የውሃን ነገር አስተማሪው ለሒሳብ ትምህርት ሊያደርገው ይችላል፤ ልጆችም ከመጽሐፍ ሒሳብ ይልቅ ይወዱታል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ እንደሆነ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የጎመን መደብ ዝናብ በሌለበትና ፀሓይ በጸናበት ቀን አራት ወይም አምስት ሊትር ያህል ይጠጣል። እንግዲህ ባለ 20 ሊትር አንድ ጀሪካን መደቡን አራት ቀን ያህል ያቆያል። ከምንጭ ጀሪካን ተሸክማ የምትመጣ ሴት ልጅ ይህን ቍጥር ከማንም አስተማሪ ይልቅ በጀርባዋ ታውቀዋለች። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ያለው፥ ስፋቱም 20 ካሬ ሜትር የሆነ እንደሆነ፥ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በዘነበ ጊዜ በክዳኑ ላይ የሚወርደው 200 ሊትር ነው፤ ይህም ዐሥር ጀሪካን ነው። ከዚህ ጥቂቱ ይባክናል፤ ቢሆንም በጠፍር የታሰረ አሸንዳና አንድ በርሜል ብቻ ካለ ቀሪው ያለ ድካም ይጠራቀማል። የበርሜሉ አፍ ሳይከደን አይቀመጥ፤ ይልቁንም በኒሯቅ ቆላ ትንኝ ይራባበታል፥ ልጅም ሊገባበት ይችላል።

በዋግ ዝናቡ በሰኔ መጨረሻ ገብቶ ብዙ ጊዜ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መደቡን የሚያቆየው ብልሃት እንጂ ሸክም አይደለም። የተነቀለው ዐረም ዘር ሳይዝ በጎመኑ ሥር ይጎዝጎዝ፤ ጭድ ለከብት ስለሚያስፈልግ ለጉዝጓዝ ማባከን አይገባም። ዐረም ባነሰበት ስፍራ ጠፍጣፋ ድንጋይ በችግኞቹ መካከል ቢነጠፍ ያው ነው፤ ድንጋይ ፀሓይን ከአፈሩ ይከለክላል፥ በዋግም ድንጋይ የሚቸግረው ሰው የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተቀበረ ገንቦ ነው። በቻይና ከ2,000 ዓመት በፊት የተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ይህን ብልሃት ይናገራል። ገንቦው በመደቡ መካከል እስከ አንገቱ ይቀበራል፥ ውሃ ይሞላል፥ አፉም በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናል። በዙሪያው ያለው አፈር በደረቀ ቍጥር ውሃው በሸክላው አልፎ ወደ ሥሩ ይሰርጋል፤ አፈሩ በረጠበ ጊዜም መስረጉ ይቀንሳል። ከላይ የሚፈስ ውሃ ከፊሉ በፀሓይ ይጠፋል፤ ይህ ግን በሥሩ ዘንድ ይቀራል። በየጥቂት ቀኑ ተከድኖ የሚሞላ ስለሆነ ሙሉ ቀን በማሳ ለሚውል ቤተሰብ የተመቸ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ቅባት ወይም ጠላ የኖረበት ገንቦ ቀዳዳው ስለሚደፈን ውሃ አያሰርግም። ከመቅበር በፊት ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ውጩ ወዝቶ የተገኘው ይቀበር፥ ደርቆ ያደረው ለሌላ ሥራ ይሁን።

መሬት ድንጋያማ በሆነበት ወይም ጎንበስ ማለት ለሚያስቸግራቸው ሽማግሌዎች የተመቸ ሌላ መደብ አለ። በሌሶቶ አገር በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለሕሙማንና ለደካሞች ብለው የጀመሩት ነው። ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ክብ የድንጋይ ግንብ እስከ ወገብ ይካባል፤ በአንድ ወገን ሰው እስከ መካከሉ የሚገባበት ጠባብ መንገድ ይተውለታል፥ ከላይ ሲያዩትም የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። በመካከሉ ከጭራሮ የተሠራ ቅርጫት ይቆማል። የማድ ቤት ጥራጊና ዕጣቢ ውሃ ወደዚያ ቅርጫት ይጣላል፤ እየበሰበሰ በዙሪያው ላለው አፈር ፍግ ይሆናል። ለመካብ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃልና የክረምት ሥራ አይደለም፤ በሚያዝያ፥ እርሻ ሳይበረታ፥ ይካብ። አንድ ጊዜ ከተካበ ለብዙ ዓመት ይቆያል።

መሬት ለሌለው ሰው ደግሞ ጆንያ አለ። በናይሮቢ ከተማ ኪቤራ በሚባለው የተጨናነቀ ሰፈር ሰዎች ጎመናቸውን በጆንያ ይተክላሉ። ታቹ የተቆረጠ ጣሳ በጆንያው መካከል ቆሞ ጠጠር ይሞላበታል፤ በዙሪያው አፈርና ፍግ ይደረጋል፤ ከዚያም ጣሳው ወደ ላይ እየተሳበ እንደ ገና ጠጠርና አፈር ይጨመራል። ጆንያው በሞላ ጊዜ መካከሉ የጠጠር ዐምድ ሆነ ማለት ነው፤ ውሃውም በዚያ ዐምድ ወርዶ እስከ ታች ይደርሳል። በጎኑ በሚበሱ ቀዳዳዎች ሃያ ወይም ሠላሳ ችግኝ ይተከላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከአጎራባቹ ወረዳ ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሰቆጣ አካባቢ ተጠልሎ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የሚያርሰው መሬት ባይኖረውም ጆንያ በበሩ ሊያቆም ይችላል።

የሚተከለው ነገር ብዙ አይሁን። ለመጀመሪያው ዓመት ጎመንና ዱባ ይበቃሉ። ጎመን ሲባል የአገሩ ጎመን ዘር ይቅደም፤ የኢትዮጵያ የራስዋ ተክል ነው፥ ቅጠሉ ይበላል፥ ፍሬውም ተወቅጦ ምጣድ ያሰስበታል። ሲቀነጠብ ከታች ያሉት ቅጠሎች ብቻ ይነሡ፤ ጫፉ የተቀነጠበ ጎመን እድገቱ ይገታል። ቅማል የመሰለ ተባይ የወጣበት እንደሆነ የተነፋ ዐመድ በጠዋት ጤዛ ሳለ ጥቂት ይነስነስበት። ዱባ በፍግ ክምር አጠገብ ሁለት ፍሬ ብቻ ይተከል፤ ሐረጉ በአጥሩ ላይ ይወጣልና መሬት አይሻማም። ለጋ ቅጠሉና አበባው ይበላል፤ በስሎ የደረቀው ፍሬ ከነእንጭጩ የተቆረጠ እንደሆነ ለወራት ይቀመጣል። በሰቆጣ ደጋ ድንች ይጨመራል። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ በ1858 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አመጣ የሚባለው ሺምፐር የተባለው የጀርመን የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ እንግዳ ምግብ ስለሆነ ሰው ለብዙ ጊዜ ሳይቀበለው ቆይቶ፥ በክፉው ቀን ረኃብ ምክንያት ተስፋፋ። በኒሯቅ ቆላ ግን ድንች አይመከርም፤ በእርሱ ፈንታ አንድ የሽፈራው ዛፍ በአጥሩ ጥግ ይተከል። ሽፈራው የኮንሶ ሰዎች በየቤታቸው የሚተክሉት ዛፍ ነው፤ ከጸና በኋላ ድርቅ ይችላል፥ ቅጠሉም ጎመን በጠፋበት በበጋ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ ውሃውን የሚያመጣው፥ ዐረሙንስ የሚነቅለው ማን ነው? በክረምት ሴቲቱ ጎህ ሳይቀድ ትፈጫለች፥ ትጋግራለች፥ ልጅዋን አዝላ ወደ ዐረም ትወርዳለች፥ ማታም ውሃ ትቀዳለች። አትክልቱ በእርስዋ ላይ የተጨመረ ሌላ ሸክም የሆነ እንደሆነ ጥቅሙን ጉዳቱ ይበላዋል። አጥሩን ማጠርና ድንጋዩን መካብ የባል ሥራ ይሁን፤ ጠዋት ጠዋት ማጠጣትና ትል መልቀም ፍየል ከማሰማራት በፊት የልጆች ሥራ ይሁን። ልጁ ሦስቱን ችግኝ ያመጣው እርሱ ስለሆነ ይህን ሲሠራ ኩራት ይሰማዋል። ሽማግሌዎችም ነገሩን በሸንጎ ወይም በማኅበር ቢናገሩ ከአስተማሪው ይልቅ ይደመጣሉ፤ ኽምጣንጋ በሚነገርበት ቤት በኽምጣንጋ ሲነገር ደግሞ አያትም ሕፃንም ይሰማዋል።

ስለ አሠራሩም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። በብዙ ስፍራ ሕፃናት ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ አጥርተው አያዩም፤ ይህም ዳፍንት የሚባለው ነው። ምክንያቱ ቫይታሚን «ኤ» የተባለው ነገር ከምግቡ መጕደሉ ነው፤ ሳይታከም የቆየ እንደሆነ ዐይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ይህ ነገር የሚገኘው በጎመን፥ በሽፈራውና በዱባ ቅጠል፥ በቢጫው ዱባና በካሮት ነው። ነገር ግን ያለ ቅባት የበሰለ ቅጠል ለሰውነት በሚገባ አይደርስም፤ አንድ ማንኪያ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ይጨመርበት። ጎመንን ለብዙ ጊዜ ቀቅሎ ውሃውን መድፋትም ጥሩ አይደለም፤ በጥቂት ውሃ፥ ተከድኖ፥ ፈጥኖ ይብሰል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በደንብ የላመ ጎመን ከገንፎው ጋራ ተደባልቆ ሊሰጠው ይገባል። ዳፍንት የታየበት ልጅ ግን ጎመን ብቻ እየበላ አይቆይ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

መስከረም ሲጠባ የቤቱ ሰው ከመደቡ ውስጥ ያማሩትን ሁለት ወይም ሦስት የጎመን እግር መርጦ ክር ይሰርባቸው፤ ክር የታሰረበት አይቀነጠብም። አበባ አውጥተው፥ ቀጭን ቆባቸው ቢጫ መሆን ሲጀምር፥ ሳይፈነዱ በጠዋት ይታጨዱ፤ በቀትር ያጨደ ሰው ዘሩን በመሬት ላይ ይዘራዋል። ዘሩ በጥላ ደርቆ፥ ከተነፋ ደረቅ ዐመድ ጋራ ተደባልቆ፥ በቅል ይቀመጥ፥ አፉም ይደፈን። ከዚያ ውስጥ ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነው አስቀድሞ ይለይ፤ አለዚያ ምጣዱ የግንቦትን ዘር ይጨርሰዋል። በሰኔ ሦስት ችግኝ የወሰደ ተማሪም በታኅሣሥ አንድ ሲኒ ዘር ወደ ትምህርት ቤቱ ይመልስ፤ አስተማሪውም የልጁን ስምና የመንደሩን ስም በወረቀት ጽፎ፥ ከዘሩ ጋራ አስሮ፥ እስከ ግንቦት መጨረሻ ሳምንት በደረቅ ስፍራ ያኑረው።